አንድ ዘፈንና ሰባት ሰዎች፤ ስለ ስቲልዋተር ባንድ አጭር ዕድሜ

ስለ ሙዚቃ የሚጻፍ ትችት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በታላላቆቹ ላይ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የዘለቀ፣ ሸክላው በየአገሩ የተሰማ፣ ስሙ በልጅ በአዋቂው አፍ የሚነሣ ሙዚቀኛ ሲገኝ ተቺው የሚናገረው አያጣም። ሥራው ብዙ ስለ ሆነ መጀመሪያውን ከመጨረሻው፣ የበሰለውን ካልበሰለው እያስተያየ ሊፈርድ ይችላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። ይኸውም በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት ተነሥቶ በ1977 እና በ1978 ሁለት አልበሞች ያሳተመው፣ ከአንድ ዘፈን በቀር ግን ብዙ ሰው የሚያስታውስለት ሥራ ያልቀረው ስቲልዋተር የተባለው ባንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን ባንድ አሜሪካኖቹ የሚጠሩበት ልዩ ቅጽል አላቸው፤ በአማርኛ «የአንድ ዘፈን ባንድ» ብንለው አሳቡን ይገልጸዋል። ቅጽሉ ግማሹ አድናቆት ግማሹ ፌዝ ነው። በዚህ ቅጽል ስለሚጠሩ ሙዚቀኞች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው «ችሎታ ቢኖራቸው ኖሮ ሁለተኛውን ባስከተሉ ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛው «ችሎታስ ነበራቸው፤ ዕድል ከዳቸው እንጂ» የሚል ነው። ሁለቱም ፍርዶች ምርመራን ያሳጥራሉ። የመጀመሪያው ገበያን የሥነ ጥበብ ዳኛ አድርጎ ይሾማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪውን ከገዛ ሥራው ኃላፊነት ያወጣዋል። በእኛ አስተያየት የስቲልዋተርን ነገር የሚያስረዳ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሚገኘው ከዘፈኑ ውስጥ ነው። ባንዱን ያሳወቀው ነገር ባንዱን የሸፈነውም እርሱ ራሱ ነበር እንላለን። ይህንንም ለማስረዳት በቅድሚያ የተነሡበትን ስፍራ፣ ቀጥሎ ዘፈኑን፣ ከዚያም ኩባንያውንና ስማቸው የደረሰበትን ዕጣ በተራ እንመለከታለን።

ባንዱ የተነሣበት ስፍራ

ደቡባዊ ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያደገ ነው። የጥቁሮቹን ብሉዝ፣ የነጭ ገበሬዎቹን ካንትሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የጎስፔል መዝሙርና የሮክን ጉልበት አንድ ላይ አዋሕዷል። ዋና ምልክቱ ጊታር ነው። በሌላው ባንድ ዘንድ አንድ ጊታር ዜማውን ሲመራ፣ በደቡቦቹ ዘንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊታሮች ዜማውን እየተቀባበሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ጎን ለጎን እየሄዱ ረዥም ጨዋታ ይጫወታሉ። ለዚህ መንገድ በር የከፈተው በ1969 የተመሠረተው የኦልማን ወንድማማቾች ባንድ ሲሆን፣ በ1973 «ራምብሊን ማን» የተባለው ዘፈኑ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ ነበር።

ይህን ሙዚቃ ለዓለም ያሰማው ኩባንያ ኬፕሪኮርን ሬከርድስ ይባል ነበር። ኩባንያው በ1969 በጆርጂያ ውስጥ በምትገኘው በሜከን ከተማ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፊል ዋልደን አስቀድሞ የኦቲስ ሬዲንግ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ያ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ደቡባዊ ሮክ ብዙ ጊዜ እንደ ነጮች ሙዚቃ ብቻ ሲነገርለት እንሰማለን፤ ዳሩ ግን የንግድ ቤቱ መሠረት የተጣለው በአንድ ጥቁር ዘፋኝ ድምፅ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከሜከን በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ ዋርነር ሮቢንስ የምትባል ከተማ አለች። እስከ 1942 ድረስ ዌልስተን የምትባል ትንሽ የባቡር ማረፊያ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየር ኃይል ሰፈር ሲሠራባት አድጋ በአዲስ ስም ተጠራች። እንግዲህ የሙዚቃ ከተማ ሳትሆን የአውሮፕላን ጠጋኞችና የወታደሮች ከተማ ናት። ስቲልዋተር በ1973 የተመሠረተው በዚህች ከተማ ነው። የባንዱ ሰዎች ሰባት ነበሩ፤ ጂሚ ሆል በዘፋኝነትና በከበሮ፣ ማይክ ኮውዚ፣ ቦቢ ጎልደንና ሮብ ዎከር በጊታር፣ ቦብ ስፒርማን በኪቦርድ፣ አሊሰን ስካርቦሮ በቤዝ ጊታር፣ ሴቢ ሌሲ በድራም። ስማቸውን እዚህ ዘርዝረን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፈናቸውን የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ የሰባቱን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዘፋኙ ስም ስንኳ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ በ1974 «ኪፕ ኦን ስማይሊን» በተባለው ዘፈን አሥረኛ ደረጃ የደረሰው፣ የዚያው የኬፕሪኮርን ባንድ የሆነው የዌት ዊሊ ዘፋኝም ጂሚ ሆል ይባል ነበርና።

ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያው አልበም እስኪታተም ድረስ አራት ዓመት ያህል አልፏል። ይህን ጊዜ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ሙዚቃቸው በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም፤ ባንዱ በሕዝብ ዘንድ የታወቀበት ጊዜ ለመታወቅ ከጠበቀበት ጊዜ ያነሰ ነበር።

ዘፈኑ

የስቲልዋተርን የመጀመሪያ አልበም ያዘጋጀው በዶራቪል፣ ጆርጂያ ስቱዲዮ ዋን በተባለው መቅረጫ ይሠራ የነበረው በዲ ቡዊ ነው። ይህ ሰው የገበያን ጆሮ የሚያውቅ ነበር። በ1968 ክላሲክስ ፎር ለተባለው ባንድ ያዘጋጀው «ስፑኪ» ሦስተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በ1977 ደግሞ የራሱ ጓዶች የሆኑት የአትላንታ ሪዝም ሴክሽን ሰዎች «ሶ ኢንቱ ዩ» በተባለው ዘፈን ሰባተኛ ደረጃ ደርሰዋል። ስለዚህ ስቲልዋተር ሥራውን ያስረከበው ልምድ ባለው እጅ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ አልበም የወጣው ዘፈን «ማይንድ ቤንደር» ይባላል፤ ትርጉሙም ወደ «አእምሮ የሚያጣምም» ይጠጋል። ዘፈኑ የሚተርከው ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ ጊታር ነው። ጊታሩ ስም አለው፤ አንደበት አለው፤ ጀግና በፉከራ ጊዜ አባቱንና እናቱን እየጠራ ዘሩን እንደሚቆጥር ይህም ጊታር ትውልዱን ይቆጥራል። የትውልዱም ሐረግ ጊብሰንና ፌንደር ከተባሉት ከሁለቱ የታወቁ የአሜሪካ የጊታር ፋብሪካዎች የሚመዘዝ ነው። ጊታር የሚያውቅ አድማጭ ቀልዱ ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱ ፋብሪካዎች የረዥም ዘመን ተፎካካሪዎች ናቸውና፣ ከሁለቱ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ተአምር መሆኑ አያጠያይቅም።

ተአምሩን የሚያሰማው መሣሪያ ቶክ ቦክስ ይባላል፤ የሚናገር ሣጥን እንደ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የጊታሩ ድምፅ ከማጉያው ወጥቶ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በኩል ወደ ተጫዋቹ አፍ ይገባል። ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩንና ምላሱን ቃል እንደሚናገር ሰው ያንቀሳቅሳል። የጊታሩ ድምፅ በአፉ ውስጥ የቃል ቅርጽ ይይዝና በፊቱ ባለው ማይክሮፎን ተቀብሎ ይወጣል። አድማጩም ጊታር ሲናገር ይሰማል።

ይህ በዘፈኑ ውስጥ እንዲያው የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ታሪኩ ስለሚናገር ጊታር ነው፤ ድምፁም የሚናገር ጊታር ድምፅ ነው። ይዘትና ቅርጽ ተገናኝተዋል። ከሚያሳስት ነቀፌታ ዘፈኑን ማዳን ይገባል ብለን የምናምነውም በዚህ ምክንያት ነው። ዘፈኑ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ፤ አዎን፣ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን አሳቡ ዳር እስከ ዳር የተጠበቀ፣ ቀልዱ ከመሣሪያው ጋር የተስማማ፣ ምቱ እግርን የሚያነሣ ጨዋታ ነው። ስንት ከባድ መልክ ያለው ዘፈን ይህን ያህል ከራሱ ጋር ሳይስማማ ይቀራል።

ከ1977 መጨረሻ እስከ 1978 መጀመሪያ ባለው ጊዜ «ማይንድ ቤንደር» ቢልቦርድ በተባለው መጽሔት የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ እየወጣ ሄዶ 46ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ሰንጠረዡ የሚሠራው ሸክላ ሻጮችና የራዲዮ ጣቢያዎች በሚያቀርቡት ወሬ ላይ ተመሥርቶ ነበር። በ1970 የተጀመረው «የአሜሪካ አርባዎቹ» የተባለው የታወቀ የራዲዮ ፕሮግራም ደግሞ በየሳምንቱ ከዚሁ ሰንጠረዥ አርባዎቹን ብቻ እየቆጠረ በአገሩ ሁሉ ያሰማ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ በስድስት ደረጃ ብቻ ከዚያ በር ሳይገባ ቀረ። እንግዲህ ጠበቅ አድርገን ብንናገር ስቲልዋተር «የአንድ ዘፈን ባንድ» ለመባል ስንኳ ሙሉ መብት አልነበረውም ይባል ይሆናል። ነገር ግን የሰንጠረዥ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሱቅና ስለ ራዲዮ ነው፤ ሰዎች ዘፈኑን ምን ያህል ዘመን በልባቸው እንደሚይዙት አይናገርም። «ማይንድ ቤንደር» ከብዙ ዓመት በኋላም ሰዎች የሚያስታውሱት ዘፈን ሆኗል፤ በዚያው ሳምንት ከእርሱ በላይ የተቀመጡ ስንቶቹ ናቸው ዛሬ የሚታወሱት?

የሰው ወርቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንገባለን። ዘፈኑ መልካም ከሆነ፣ አዘጋጁም የታወቀ ከሆነ፣ አድማጩ ስለምን ከዘፈኑ ወደ ባንዱ አልተሻገረም?

ቶክ ቦክስ የስቲልዋተር ግኝት አልነበረም። ጆ ዋልሽ በ1973 «ሮኪ ማውንቴን ዌይ» በተባለው ዘፈን ተጠቅሞበታል። ከዚያም በ1976 የታተመው የፒተር ፍራምፕተን የመድረክ አልበም በዓለም ሁሉ ሲሸጥ፣ የሚናገረው ጊታር የዘመኑ ፋሽን ሆነ። ስለዚህ ስቲልዋተር በ1977 ይህን ድምፅ ሲያሰማ አድማጩ ቀድሞ የሚያውቀውንና የወደደውን ነገር ሰማ። ራዲዮኖቹም በቀላሉ የተቀበሉት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን በመዋስና በመዋስ መካከል ልዩነት አለ። ጆ ዋልሽ ሣጥኑን ከመያዙ በፊት ጄምስ ጋንግ በተባለው ባንድ ታውቆ ነበር። ፍራምፕተንም ከሐምብል ፓይ ጋር ሠርቶ፣ ብቻውንም አልበሞች አሳትሞ ነበር። የእነርሱ አድማጭ የሰውየውን ድምፅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ጊታሩ ሲናገር «ይህ እኮ ዋልሽ ነው፤ ይህ እኮ ፍራምፕተን ነው» ይላል። ለእነርሱ መሣሪያው ቀድሞ በተዋወቁት ፊት ላይ የተደረገ ጌጥ ነበር። ለስቲልዋተር ግን የመጀመሪያ መተዋወቂያው ራሱ ይህ ሆነ። እንግዳ ሰው ጭምብል አድርጎ ወደ ቤት ቢገባ፣ የቤቱ ሰዎች የሚያስታውሱት ጭምብሉን እንጂ ፊቱን አይደለም።

ይህም ብቻ አይደለም። የዘፈኑ ባለታሪክ ጊታሩ ነው ብለናል። ስም ያለው እርሱ ነው፤ ዘር የሚቆጥረው እርሱ ነው፤ አንደበት የተሰጠው ለእርሱ ነው። ሰባቱ ሰዎች በገዛ ዘፈናቸው ውስጥ የጊታር አጃቢ ሆነው ቆሙ። አሳቡ ለሥራው ያማረ ነበር፤ ለሠሪዎቹ ግን ውድ ዋጋ አስከፈላቸው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። እኛ በዚህ ነገር ላይ ስናስበው ተረቱን ጥቂት ማስፋት ያሻ ይመስለናል፤ የሰው ወርቅ ለአንድ ቀን ሠርግ ያደምቅ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ወርቁ ነው።

ለማስተያየት ሌላ የደቡብ ባንድ እንውሰድ። ከሜምፊስ የተነሡት አሜዚንግ ሪዝም ኤስስ በ1975 «ሠርድ ሬት ሮማንስ» በተባለው ዘፈን 14ኛ ደረጃ ደርሰዋል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ያን የሚያህል ሁለተኛ ዘፈን አላወጡምና እነርሱንም በአንድ ዘፈን ብቻ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የእነርሱ ዘፈን ራስል ስሚዝ የጻፈውና በራሱ ድምፅ የዘፈነው ነበር። የደከመ ወንድና የደከመች ሴት በአንድ ምሽት ሲገናኙ የሚያሳይ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ በሰው አንደበት የተነገረ ታሪክ ነው። ከዚህም የተነሣ ዘፈኑን የወደደ ሰው ዘፋኙን ተከትሎ ለመሄድ መንገድ ነበረው፤ ባንዱም ጥቂት ቆይቶ በካንትሪ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ አንድ ዘፈን ብቻ መታወቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ ዘፈን በር ነው፤ ሌላው ዘፈን ግድግዳ ላይ የተሳለ በር ነው።

ኩባንያውና ዘመኑ

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በዘፈኑ ላይ መጣላችን አይደለም። አንድ ባንድ የመጀመሪያ ዘፈኑ ከሸፈነው የሚገለጥበት መንገድ ጊዜ ነው። ሦስተኛና አራተኛ አልበም ቢታተም አድማጩ ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለውን ፊት ቀስ በቀስ ሊያውቀው ይችል ነበር። ስቲልዋተር ያጣው ይህን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው አልበም በታተመበት በ1977 የጆርጂያ ስም ከፍ ብሎ ነበር። የግዛቲቱ አገረ ገዢ የነበሩት ጂሚ ካርተር በዚያ ዓመት በጥር ወር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ለምርጫቸው ገንዘብ ለመሰብሰብም የኬፕሪኮርን ባንዶች ሙዚቃ አሳይተው ነበር። ነገር ግን ከውጭ ሲያዩት የጠነከረ የሚመስለው ቤት ከውስጥ እየተሰነጠቀ ነበር። የኦልማን ባንድ ድዌይን ኦልማንን በ1971፣ ቤሪ ኦክሊን በ1972 በሞተር ብስክሌት አደጋ ካጣ በኋላ ቢቀጥልም በ1976 ተበተነ። የፍሎሪዳው ሊነርድ ስኪነርድ ደግሞ ጥቅምት 20 ቀን 1977 አውሮፕላናቸው ወድቆ ዘፋኙን ሮኒ ቫን ዛንትን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ስቲልዋተር ወደ ሰንጠረዡ የገባው ደቡባዊ ሮክ ከታላላቆቹ አንዱን በቀበረበት ሰሞን ነበር።

የአድማጩም ጆሮ ወደ ሌላ ዘመን እየዞረ ነበር። በታኅሣሥ 1977 «ሳተርደይ ናይት ፊቨር» የተባለው ፊልም ታየ፤ የሙዚቃው አልበም በ1978 ለ24 ሳምንታት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። የዲስኮ ዘመን ነበር። ሦስት ጊታር ይዞ ረዥም ጨዋታ የሚጫወት ባንድ በዳንስ ቤት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በዚህ መካከል በ1978 ሁለተኛው የስቲልዋተር አልበም ታተመ። ርእሱ «አይ ሪዘርቭ ዘ ራይት» ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «መብቴ የተጠበቀ ነው» የሚል ይሆናል። የ«ማይንድ ቤንደር»ን ያህል የተሰማ ዘፈን ግን አልወጣበትም። በ1979 ኬፕሪኮርን ለአከፋፋዩ ለፖሊግራም ያለበትን ዕዳ መክፈል አቅቶት ከሰረ። መብቱ የተጠበቀ ነው ብሎ የነበረ ባንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሸክላውን የሚያትምለት አጣ። ስለ ችሎታ ማነስ የሚናገሩት ሰዎች ይህን ቀን ከቁጥር አያስገቡትም። ማተሚያ ቤቱ የተዘጋበትን ደራሲ «ሦስተኛ መጽሐፍ ስለምን አልጻፈም?» ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

የሆነ ሆኖ ኩባንያው ባይከስር ኖሮ ስቲልዋተር ታላቅ ባንድ ይሆን ነበር አንልም። ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ከተቺ ሥራ ውጭ ነው። ልንል የምንችለው፣ ሥራው ለፍርድ በሚበቃ መጠን ከመሰማቱ በፊት ፍርዱ ተሰጠ ብቻ ነው።

ስሙ የደረሰበት ዕጣ

የስቲልዋተር ነገር በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ2000 ካሜሮን ክሮው «ኦልሞስት ፌመስ» የተባለ ፊልም አወጣ። ርእሱ «ታዋቂ ለመሆን ጥቂት የቀረው» እንደ ማለት ነው። ክሮው በወጣትነቱ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት እየጻፈ ከባንዶች ጋር ይዞር ነበር፤ ከነዚህም አንዱ የኦልማን ባንድ ነው። ፊልሙ የሚተርከው በ1973 አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ከአንድ የሮክ ባንድ ጋር ሲጓዝ ነው። የልብ ወለዱ ባንድ ስም ስቲልዋተር ነው። ክሮው ለዚህ ፊልም በመጀመሪያ ድርሰት ዘርፍ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው በሸራ ላይ የታዩትን ተዋንያን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ግጥምጥም አለ። ለፊልሙ ባንድ ሙዚቃ በመጻፍና ተዋንያኑን በማስተማር ከረዱት ሰዎች አንዱ ፒተር ፍራምፕተን ነው። ማለት፣ እውነተኛው ስቲልዋተር በ1977 በእርሱ ዘንድ የገነነውን መሣሪያ ተውሶ ታወቀ፤ ከ23 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ሰው የስቲልዋተርን ስም የያዘውን የልብ ወለድ ባንድ አስተማረ። ሌላም አለ። ፊልሙ የተቀመጠበት 1973 እውነተኛው ባንድ በዋርነር ሮቢንስ የተመሠረተበት ዓመት ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ስቲልዋተር በዚያ ዓመት አገር ለአገር ይዞራል፤ እውነተኞቹ ግን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ለማሳተም ገና አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የስቲልዋተርም ስም ውሏል፤ ግን በሌላ ሰው ላይ ነው። ባንዱ ድምፁን ለጊታሩ፣ ስሙን ለፊልሙ አበድሮ ራሱ መካከል ላይ ቀረ። ሰዎቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ተሰባስበው ሙዚቃ ቀርጸዋል። ይህም በአንድ ዘፈን ገበያ ላይ ብቻ የተሰባሰቡ እንዳልነበሩ ጥሩ ምስክር ነው። ገበያው ካባረራቸው ከሃያ ዓመት በኋላ የተመለሱት ሊያገኙት ለሚችሉት ሀብት ሊሆን አይችልም።

መደምደሚያ

እስካሁን ከተናገርነው ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ «ማይንድ ቤንደር» በራሱ ሚዛን የተሳካ ሥራ ነው፤ በ46ኛ ደረጃ ላይ መቆሙ ከዋጋው ምንም አይቀንስም። ሁለተኛ፣ ያ የተሳካ ሥራ በአሳቡ ሠሪዎቹን ወደ ኋላ የሚያደርግ ስለ ነበረ፣ የዘፈኑ መታወቅ የባንዱ መታወቅ ሊሆን አልቻለም። ሦስተኛ፣ ይህን የሚያርመው ጊዜ በኩባንያው ኪሳራ ተወሰደባቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አንሥቶ ችሎታ አጡ፣ ወይም ዕድል ከዳቸው የሚል ሰው የነገሩን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይዞ ይፈርዳል።

የመጨረሻው ቃላችን ለራሳችን፣ ማለት ትችት ለመጻፍ ለምንለማመድ ተማሪዎች ነው። በሜከን የነበረው የኬፕሪኮርን መቅረጫ ቤት በ2019 በመርሰር ዩኒቨርሲቲ ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። አንድ ዩኒቨርሲቲ የዘፈን ቤትን ማደስ ለትምህርት የሚገባ ሥራ ነው ብሎ መፍረዱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሕንፃ ሲታደስ በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ብዙውን ጊዜ የታላላቆቹ ሥዕል ነው። የሌሎቹን ድርሻ መፈለግ የተመራማሪ ሥራ ይሆናል። ይህም ሥራ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። የ1977ንና የ1978ን ሁለት ሸክላዎች ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ሁለቱንም ገጽ ማዳመጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ «የአንድ ዘፈን ባንድ ነው» ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ፍርዱን እናከብርለታለን፤ አዳምጦ ፈርዷልና። ሳያዳምጥ የሚፈርደው ግን ስለ ስቲልዋተር ምንም አልነገረንም፤ የነገረን ስለ ሰንጠረዡ ብቻ ነው።